አባቴ፣ ጎሃ ሆቴልና ሊማሊሞ

ለጉዞው ስንዘጋጅ ባለቤቴ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አባትሽ ይህን ሁሉ መንገድ ይችሉታል?» ከአዲስ አበባ ጎንደር በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዘነጋነው ነገር ቢኖር ከሁላችንም መካከል መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነው። አባቴ ከረዳትነት ተነሥተው እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። መጀመሪያ ኤንትሬ የሚባለውን ፊያት፣ በኋላ ሌላ ሌላውን። ሰላም በሆነ ጊዜ ከጎንደር በሊማሊሞ አድርገው እስከ ሽሬና አስመራ፣ ሰላም ባልሆነ ጊዜ እስከ ደባርቅ።

ጊዜው የ2010 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ነው። ልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ናቸው። ጥምቀት በማለፉ ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት አላስቸገረንም። (በጥምቀት ሰሞን ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ከወራት በፊት ካልያዘ ማደሪያ ቸግሮት ይከርማል።) አባቴ ያኔ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ትንሹ ልጄ አሥር፣ ታላቅ እህቱ አሥራ አራት።

አንድ ሌሊት ባሕር ዳር አደርን። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ በአንድ ቀን ጎንደር እገባለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ መንገዱን አያውቀውም ወይ ሽማግሌውን አይወዳቸውም። ከባሕር ዳር የቀረው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፎገራን ሜዳ ጨርሰን አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ ትንሹ ፊቱ ገረጣ። መጠምዘዝ አይስማማውም። አባቴ ከኪሳቸው ሎሚ አወጡና በጥፍራቸው ልጠው «አሽትት፣ ዓይንህን ሩቅ ተራራ ላይ ጣል» አሉት። አሸተተ፣ ተሻለው። እኔ ከፋርማሲ የገዛሁት መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ሻንጣው ደግሞ ከሁሉም ዕቃ ሥር።

እንፍራንዝ ስንደርስ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ አለ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው፤ ከፋሲል ግንብ በፊት ማለት ነው። ልጆቹ «ታዲያ የመጀመሪያው ጎንደር አይደለማ!» ብለው ተከራከሩ። አልፈረድኩም። አባቴም ግንቡን ሁልጊዜ ከመሪ ላይ ሆነው እንጂ ቆመው አይተውት እንደማያውቁ ያኔ ነገሩን። ይህን ንግግራቸውን በኋላ ደጋግሜ አስታወስኩት።

ጎንደር ከሰዓት በኋላ ገባን። ስለ ፋሲል ግቢ ብዙ አልጽፍም፤ የተጻፈለት ቦታ ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማውን በ1628 ዓ.ም. እንደ ቆረቆሩት፣ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት በተራ በተራ ግንብ እየጨመሩ ግቢውን እንዳሰፉት፣ ዙሪያው 900 ሜትር በሚሆን አጥር እንደ ታጠረ አስጎብኚው ለልጆቹ ነገራቸው። እነሱ የሰሙት የአንበሳውን ቤት ብቻ ነው። አያቶችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን አንድ ምክር አለኝ፤ ግቢው ሣርና ጥላ ስላለው ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሊያይበት የሚመች ነው፤ ወደ ፎቆቹ የሚያስወጣው ደረጃ ግን ለጉልበት አይሆንም። አባቴን ከዛፍ ሥር አስቀምጠን ዞርን። ስንመለስ ከጥበቃው ጋር ስለ አውቶ ፓርኮ ይጨዋወቱ ነበር። የትኛው ጋራዥ እንደ ተዘጋ፣ የትኛው ምግብ ቤት እንደ ፈረሰ።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጎሃ ሆቴል ወጥተን ቡና እንጠጣ አልኩ። ጎሃ ከከተማው በስተ ሰሜን ካለው ኮረብታ አናት ላይ ነው። ግድግዳው በአገሩ ድንጋይ የተሠራ፣ ዝቅ ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ የሚታወቀው ግን በቤቱ ሳይሆን በሰገነቱ ነው። ስሙ «ጎህ ሲቀድ» የምንለውን ያስታውሳል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ሰው ሁሉ የሚወጣው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ታሪካዊውን መስመር ለሚጎበኙ እንግዶች ጎንደር ላይ ጎሃ፣ ባሕር ዳር ላይ ጣና፣ ላሊበላ ላይ ሮሃ፣ አክሱም ላይ የሃ ተብለው በግዮን ሥር በመንግሥት እጅ ሲተዳደሩ ከነበሩት ሆቴሎች አንዱ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስማቸውን የሚያውቀው ከቱሪዝም ፖስተር ላይ ነው።

መኪናው በሩ ላይ ሲደርስ አባቴ አልወርድም አሉ።

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ዕቃ ልጠብቅ። እናንተ ጠጥታችሁ ኑ።»

«ምን ዕቃ አለና ነው አባዬ? ይውረዱ እንጂ።»

«ልጄ፣ እዚህ የሚገባው ባለ ክራባት ነው። እኔ ይህን ቤት ከታች ነው የማውቀው።»

ለካ ለዓመታት በሌሊት ከደባርቅ ሲመለሱ ጎንደር መድረሳቸውን የሚያውቁት በዚህ ሆቴል መብራት ኖሯል። «የጎሃ መብራት ታየ» ከተባለ ረዳቱ ይነቃል፣ ዕቃ ይሰበሰባል። ከዚያ በሥሩ አልፈው አውቶ ፓርኮ ገብተው መኪናው ሥር ሸራ አንጥፈው ያድራሉ። አንድ ቀን እንኳ ሽቅብ መታጠፍ አልታሰባቸውም። የከለከላቸው ሰው ኖሮ አይደለም፤ ጠይቀውም አያውቁም።

ያግባባቸው ትንሹ ልጄ ነው። እጃቸውን ይዞ «አባባ፣ እኔም እኮ ክራባት የለኝም» አላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። አስተናጋጁ፣ ጎልማሳ ነው፣ ገና ሲያያቸው ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ አባቴ» ብሎ ከሰገነቱ ጫፍ ያለውን ወንበር ሳበላቸው። የቡናውን ዋጋ ጠየቁኝ። ዋሸሁ።

ከዚያ ሰገነት ላይ ጎንደር ሁለት ከተማ ነው። አንዱ የነገሥታቱ ነው። የግንቦቹ እንቁላል መሳይ ጉልላቶች ከዛፍ መሐል ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ፣ ወዲያ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የቁስቋም ደብር፣ በሌላ በኩል ከድርቡሽ ቃጠሎ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ንቦች ናቸው ያዳኑት ይባላል። ሁለተኛው ከተማ የጣሊያን ነው። ፋሺስቶቹ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን ሠሩ። ለመሄድም የመጨረሻዎቹ ነበሩ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከተመለሱ ከስድስት ወር በላይ ቆይተው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ «መንገዱንም እነሱ ናቸው የሠሩት። ለጦራቸው ብለው። እኛ በላንበት፣ አለቅንበትም።»

አሞራዎች ከእግራችን በታች ይዞራሉ። አሞራን ከጀርባው ማየት ለከተማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ትልቋ ልጄ ስልኳን ይዛ እነሱን ስትከተል ቆየች። አባቴ ግን ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ወለቃና ኮሶዬ የሚወጣውን መንገድ ያያሉ። ሲኒው ሁለት ጊዜ ተሞላ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ረዳታቸው አወሩን።

1964 ዓ.ም. ክረምት ነው። ልጁ የደባርቅ ልጅ ነበር፣ ዕድሜው ሃያ አልሞላም። ከዛሪማ ሽቅብ ሊማሊሞን እየወጡ ሳለ አንድ መታጠፊያ ላይ ጭነቱ ከበደ፣ መኪናው እምቢ አለ። የረዳት ሥራ ያኔ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ማስገባት ነው። «ታኮውን አድርጎ ነበር» አሉ አባቴ። «አደረግሁ ብሎም ጠርቶኛል። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ታኮው አልያዘም።» ቀጥለው ብዙ አላወሩም። ከዚያ ወዲያ በዚያ መታጠፊያ ባለፉ ቁጥር ክላክስ ያደርጉ ነበር፤ ሲወጡም ሲወርዱም። ቆመው ግን አያውቁም። ጭነት አለ፣ ከኋላ መኪና አለ፣ ይመሻል።

የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴም ታውቀው እንደሆነ እንጃ። ትንሹ «የትኛው መታጠፊያ ነው?» አለ። አባቴ ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት ወስደው የእኔን እስክሪቢቶ ተቀበሉና ከላይ እስከ ታች ጠመዝማዛ መስመር ሠሩ። መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩለት። አንዱ ላይ ነጥብ አደረጉ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደባርቅ ወጣን። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልት ነው። ኮሶዬ ላይ ቆም ብሎ ገደሉን ማየት ግድ ነው፤ ቆላው ከሥር እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታያል። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ ሌላ ነበር። ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው ጥር ነው ፀሐይ ነው ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ጋቢና ካልሲ ይያዝ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ የወጣው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ስለነበር ሠራተኞቹ ደስታቸው ገና አልበረደም ነበር። ጭላዳ አየን፤ ዋልያ ግን አላየንም። ዋልያን በግማሽ ቀን አያለሁ ማለት ለልጆች የማይፈጸም ቃል መግባት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከደባርቅ አለፍ ብለን ወልቅፊት ደረስን። በ1934 ዓ.ም. መስከረም፣ ጎንደር ከመለቀቁ ሁለት ወር ቀድሞ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠበት የተራራ በር ነው። ሊማሊሞ ከዚያ ይጀምራል። መሬቱ በድንገት ያልቅና መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጣጠፈ ወደ ታች ይጠፋል። ጉም ነበር። ሦስተኛውን መታጠፊያ ማየት አልቻልንም።

ባለቤቴ እኔን አየኝ። ጠጠሩ ለእኛ መኪና የሚሆን አይደለም፣ ትንሹ ጠዋት አስመልሶታል፣ ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል። «አባዬ፣ ለዛሬ እዚህ እንብቃ» አልኩ። «በሚቀጥለው ዓመት ጠንካራ መኪና ተከራይተን፣ ዛሪማ ድረስ እንወርዳለን።»

«እሺ ልጄ» አሉ። አልተከራከሩም። ወደ መኪናው ሄደው በተከፈተው መስኮት እጃቸውን አስገቡና ክላክሱን ተጫኑት። ረጅም። ሦስት ጊዜ። የትንሽ መኪና ድምፅ ነው፣ ጉሙ ዋጠው። «አይደርስም» አሉ፤ «ሩቅ ነው።»

በሚቀጥለው ዓመት ትልቋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ከዚያ ጦርነቱ፤ ደባርቅ የተፈናቃይ ከተማ ሆነች፣ ሊማሊሞም የግንባር ስም ሆኖ በዜና ይጠራ ጀመር። ያ ሲያልፍ ሌላው ተተካ። ዛሬ ለማንም ቤተሰብ ልጆቻችሁን ጭናችሁ በዚያ መንገድ ውጡ ብዬ አልመክርም፤ የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ጠይቆ፣ ቀን ጠብቆ፣ ካስፈለገም በአውሮፕላን ጎንደር ድረስ ብቻ። ጎሃ ኮረብታው ላይ አለ። እኛ ግን ወልቅፊት ላይ ፀሐይ ነበረችን፣ ነዳጅ ነበረን፣ መንገዱ ክፍት ነበር። የቀረብን ሁለት ሰዓት ትዕግሥት ነው።

አባቴ ሰማንያ ሆኗቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቴሌቪዥን የሚሰሙት እንጂ የሚያዩት አይደለም። ትንሹ ልጄ፣ ትንሽ የምለው ከልምድ ነው፣ አሥራ ስምንት ሞልቶት መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሶፍቱን ላስቲክ አስለብሶ በቦርሳው ይዞታል። ባለፈው እሑድ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ መታጠፊያዎቹን ከላይ ጀምሮ ይቆጥርላቸው ነበር። ነጥቡ ላይ ሲደርስ አስቆሙት።

«እዚህ ስትደርስ ማርሽ ስንት ላይ ነህ?»

«ሁለተኛ።»

«አንደኛ አድርገው» አሉት። «ክላክስም እንዳትረሳ።»