ከመደርደሪያ እስከ መድረክ

የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ እማራለሁ ስል፣ «መጽሐፍ ለመደርደርም ዲግሪ አለው እንዴ?» ይሉኛል። ቴአትር እወዳለሁ ስል ደግሞ፣ «ልትተውኚ ነው?» ይሉኛል። መጽሐፍ የሚወድ ሁሉ ደራሲ እንዲሆን የሚጠብቅ የለም። ቴአትር የሚወድ ሰው ግን መድረክ ላይ ካልወጣ ፍቅሩ አይታመንለትም። ቁጭ ብሎ በደንብ ማየትም ሙያ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

*

አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው አመዳደብ የዓለምን እውቀት በ10 ክፍል ሸንሽኖታል። የሼክስፒር «ሐምሌት» 822 ላይ ይቀመጣል። አንድ ተውኔት እንዴት መድረክ ላይ እንደሚወጣ የሚያስተምረው መጽሐፍ ግን 792 ላይ፣ ከስፖርት አጠገብ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ተውኔቶች ወደ 892 ይሄዳሉ። «የቴአትር መጽሐፍ ፈልጌ ነበር» ብሎ የመጣ አንባቢ ሦስት ቦታ ይዞራል። መምህራን ይህን ሥርዓት ይሉታል። አንባቢው ምን እንደሚለው ሰምቻለሁ፤ እዚህ አይጻፍም።

*

ጠዋት የቤተ መጻሕፍት በር ሲከፈት ሩጫው ወደ መደርደሪያው ሳይሆን ወደ ወንበሩ ነው። ደብተር ተጥሎ ቦታ ይያዛል፤ ባለ ደብተሩ ቁርስ በልቶ፣ ወሬ አውርቶ ይመለሳል። በ2014 አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ከተማው ምን ያህል የተረጋጋ ወንበርና መብራት እንደተጠማ ታየ። ወንበር መፈለግ ነውር አይደለም፤ ስምንት ሆነው አንድ ክፍል የሚኖሩ ልጆች የት ያጥኑ? ነውሩ የሙያው ሰዎች የወንበሩን መሙላት የንባብ መስፋፋት አድርገን ሪፖርት ስንጽፍ ነው።

*

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዝምታ የሚገኘው በተለጠፈ ማስታወቂያ፣ በተቆጣጣሪ ግልምጫ ነው። ቴአትር ቤት ውስጥ ግን ተዋናዩ ራሱ ተሟግቶ ያመጣዋል። ከፊት ወንበር ፈንዲሻ የምትቆረጥመው ልጅ እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ የቆመ ዕለት፣ የተዋናዩን ደመወዝ ማን እንደቆረጠለት መጠየቅ ያምረኛል።

*

ህንዳዊው ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎችን ጻፈ። እያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉን ያግኝ፣ እያንዳንዱም መጽሐፍ አንባቢውን ያግኝ፣ የአንባቢም ጊዜ አይባክን ይላል። ለፈተና እንሸመድዳቸዋለን። ክንዱ ላይ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሎ በየካፌው የሚዞረው አዟሪ ግን ሳይማራቸው ይሠራባቸዋል። «ጋሼ፣ ያኛውን ጨርሰውታል አይደል? ይኼ የእርስዎ ነው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። የአንባቢውን ዓመል ያውቃል፣ የወሰደውን ያስታውሳል፣ ያልተወደደውን በማግስቱ አይዞም። እኛ ይህን «የተጠቃሚ ጥናት» ብለን በሰሚስተር እንማረዋለን።

*

«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ በ1958 ታተመ። ይሁንና ጉዱ ካሳን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በየቤቱ ያስገባቸው የሬዲዮ ትረካው ነው። ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ የመድረክ ሰው ነበር። ዛሬም መጽሐፉን ገልጦ በልቡ የሚያነብ ብዙ ሰው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። «ማንበብ ወይስ ማየት?» እያሉ ንባብንና ቴአትርን የሚያጣሉ ሰዎች ይህንን ሰው የት ሊመድቡት ይሆን? አንድ ተዋናይ ብቻውን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ አገሩን ሁሉ አንባቢ አድርጓል።

*

ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ «ኮሜዲ ነው?» የሚል ነው። አይደለም ሲባል ፊቱን አጥቁሮ የሚሄድ አለ። ሌላው ገብቶ በራሱ ኃይል ኮሜዲ ያደርገዋል፤ እናት ልጇን ስትቀብር ይስቃል። በዚህ ተመልካቹን ብቻ መውቀስ አይገባም። ለዓመታት ሳቅ ብቻ ሲሸጥለት የኖረ ሰው ማልቀሻውን ከየት ይማረው?

*

በታሪክ ከታወቁት የውሰት ማጭበርበሮች አንዱ የተፈጸመው በተውኔት ላይ ነው። ጥንታዊው ሐኪም ጋለን እንደጻፈው፣ የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ ሦስተኛ የኤስኪለስን፣ የሶፎክለስንና የዩሪፒደስን ተውኔቶች ዋና ቅጂ ከአቴና ለእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ተዋሰ፤ መያዣውም 15 መክሊት ብር ነበር። ካስገለበጠ በኋላ ዋናውን አስቀርቶ ግልባጩን ላከ፤ መያዣው ይቅርብኝ አለ። ሌብነት ነው፤ ግን ለተውኔት ጽሑፍ ይህን ያህል የከፈለ መንግሥት ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሶፎክለስ ከ100 በላይ ተውኔት ጽፎ ለእኛ በሙሉ የደረሱት ሰባት ብቻ መሆናቸውን ሳስብ ደግሞ፣ ሌባው ጥቂት በበዛ ኖሮ እላለሁ።

*

ኦክስፎርድ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋመው ቶማስ ቦድሊ ተውኔት አይግባብኝ ብሎ ለኃላፊው ጽፎ ነበር። ለእሱ ውዳቂ ወረቀት ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በ1623 እ.ኤ.አ. የታተመው የሼክስፒር ተውኔቶች ስብስብ ገባ። አዲስ እትም ሲመጣ ግን አሮጌው ከመደርደሪያ ወረደና ወጣ። በ1906 እ.ኤ.አ. ያንኑ ቅጂ ለመመለስ 3,000 ፓውንድ ተዋጣ። አሮጌ መጽሐፍ ማጥራት የሚባል ትምህርት አለን፤ ይህ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሊሆን ይገባ ነበር።

*

የእንግሊዝን ቴአትር በጥንቃቄ ሰብስቦ ያቆየው ወዳጁ ሳይሆን ሳንሱሩ ነው። ከ1737 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ተውኔት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉ ለቤተ መንግሥቱ ሹም ይቀርብ ነበር። ሹሙ ሊከለክል ሲያነብ የተከማቸው ወረቀት ዛሬ የተመራማሪ ሲሳይ ነው። እኛም ዘንድ ዘመናዊ ቴአትር ከእገዳ ጋር የተዋወቀው ገና ከጅምሩ ነው፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» ያሳገዱት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ የነበሩት መርማሪዎች የተቀበሉትን ጽሑፍ የት እንዳስቀመጡት ተከታትሎ የሚፈልግ የቤተ መጻሕፍት ተማሪ ቢነሣ፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

*

አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይታያል። ከመድረክ ሲወርድ ጽሑፉ በአዘጋጁ ቦርሳ፣ በተዋናዩ መሳቢያ ይበተናል። በአገር ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ገቢ ይሆናል፤ ያልታተመ ተውኔት ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ 892 ላይ የጸጋዬንና የመንግሥቱ ለማን የታተሙ ሥራዎች ታገኛላችሁ፤ ባለፈው ወር ያስጨበጨባችሁን ግን አታገኙም። አሳታሚው ተውኔት አይሸጥም ይላል። ማንበብ የሚፈልገው ሰው እኮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲወጣ በር ላይ ጽሑፉን የሚሸጥለት ስለሌለ ነው። ቲኬት የሚቆርጡት መስኮቶች ጽሑፉንም ይሽጡ፤ ከመጀመሪያው እትም አንድ ቅጂም ለወመዘክር ይሂድ። ካታሎጉን በነፃ እሠራለሁ።