ባቲ ሰኞ ገበያ፦ ቢላዋ ፍለጋ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱን መውረድ ስንጀምር ጋቢ የደረበው ተሳፋሪ ጋቢውን ያጣጥፋል፤ ከመንገዱ ዳር ባሕር ዛፉ እየቀረ ግራሩ ይበዛል። ዕለቱ ሰኞ ከሆነ ደግሞ ግመል የሚነዱ አፋሮች፣ አህያ የጫኑ ኦሮሞዎች፣ ከደጋው እህል ይዘው የወረዱ አማሮች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲተሙ ይታያሉ። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነውና።

እኔና የእህቴ ልጅ የወረድነው ግን ግመል ልንገዛ አልነበረም። ልጁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን ሥራው ሚሌ አካባቢ ከአርብቶ አደሩ ጋር በረሃ ለበረሃ መዞር ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ መንገድ ላይ የገዛው የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ነበረው። አንድ ምሽት ገመድ አንገቷ ላይ የተጠመጠመባትን ጥጃ ለማስለቀቅ ሲታገል ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ መዳፉን ሰነጠቀው። ጥጃዋን ባለቤቷ በራሱ ጊሌ ገመዱን በጥሶ አዳናት። የልጁ መዳፍ ግን ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ በጨርቅ ታስሮ አደረ፤ ሁለት ጣቶቹ ዛሬም እንደ ልብ አይታጠፉም። እህቴ ይህን በሰማች ጊዜ «ወንድም ጋሼ፣ ለዚህ ልጅ ደህና ቢላዋ ፈልግለት» አለችኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም ከሥጋ መክተፊያ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም።

ገበያው ውስጥ ገና እንደገባን የልጁ ዓይን ጊሌ ላይ ዐረፈ። አይፈረድበትም። ሰፊና ቆልመም ያለ፣ በሁለቱም በኩል የተሳለ፣ አፎቱ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ የአፋር ጎልማሳ ከወገቡ ላይ በሆዱ በኩል ታጥቆት ሲራመድ ያየ ሁሉ ይመኘዋል። ለሚታጠቁት ሰዎች ክብራቸው ነው። የልጁ ሥራ ግን ገመድ መቁረጥ፣ እንጨት መላግ፣ ቆዳ መብሳት፣ ማታ ማታ ማገዶ መፍለጥ ነው። ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ደግሞ ጀርባ የለውም። አውራ ጣትን አስደግፎ ለመጫንም ሆነ በዱላ እየመቱ እንጨት ለመሰንጠቅ አይሆንም። ይህን ሳስረዳው ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም ተከተለኝ።

የወናፍ ድምፅ እየሰማን ከገበያው ዳር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለ እጅ ዘንድ ደረስን። ተነሥተው ተቀበሉንና ቡና አስቀዱልን። ፍንጃሉን ስቀበል ሴት አያቴ ትዝ አሉኝ። አላህ ይዘንላቸውና፣ እሳቸው «ቀጥቃጭ ቤት አትቅመሱ፣ ቡዳ ነው» እያሉ ነበር ያሳደጉን። ማጭዳቸውም፣ መጥረቢያቸውም፣ የወጥ ቤት ቢላዋቸውም ከዚያው ቤት የመጣ ነበር! ብረት የለዘበላቸው ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) መሆናቸውን በቁርአን እያነበብን ብረት ቀጥቃጩን ስንጸየፍ መኖራችን ያሳፍራል። ቡናውን ሦስተኛውን ጨምሬ ጠጣሁ።

አዛውንቱ ሁለት ብረት አነሡ። አንዱ የፌሮ ቁራጭ፣ ሌላው የጭነት መኪና ባሌስትራ ስባሪ ነበር። «ሁለቱም ቢቀጠቀጡ ቢላዋ ይመስላሉ» አሉ። ልዩነቱ ኋላ ነው። ፌሮ በውስጡ ያለው ካርቦን ጥቂት በመሆኑ አግለው ቢነክሩትም ያን ያህል አይጠነክርም፤ አንድ ቀን ቆርጦ በማግሥቱ ይደንዛል። ባሌስትራ ግን የመኪናን ሸክም እየተሸከመ እንዲለመጥና እንዲመለስ የተሠራ ስለሆነ ካርቦኑ በቂ ነው፤ ሲነከር ይጠነክራል። የጋለው ብረት ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨመር አድርገው ያግሉትና ዘይት ውስጥ ይነክሩታል። ውኃ ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። ሥራው በዚህ አያበቃም፤ የተነከረው ስለት እንደ መስተዋት ተሰባሪ ነውና ተወልውሎ፣ የገለባ መልክ እስኪያወጣ ድረስ በለዘብታ እንደገና ይሞቃል። ይህችን ደረጃ የሚዘሉ ሠሪዎች እንዳሉ አዛውንቱ አልሸሸጉንም። እሳቸው ሞረድ አቀበሉኝና ካለቀለት ስለት ጠርዝ ላይ እንድሞክር አደረጉ፤ ሞረዱ ሳይነክስ ተንሸራተተ። በፌሮው ላይ ስሞክረው ግን ወዲያው በላው። ገዢ የሆነ ሁሉ ይህን ያህል ለመጠየቅ ማፈር የለበትም፤ ሞረድ ማቀበል የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ስለ መጠኑ ብዙ አልተከራከርንም። ስለቱ ከመዳፍ ስፋት ጥቂት የሚበልጥ፣ ጀርባው እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ከሆነ ይበቃል። ረጅሙ ያስፈራራል እንጂ እጅ አይታዘዝም። ዋናው ነገር ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጅራት ነው። የእህቴን ልጅ የጎዳው ቢላዋ ጅራቱ የጣት አንጓ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በሙጫ ብቻ ነበር የተያዘው። አዛውንቱ የሚሠሩት ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ዘልቆ፣ የወይራ እንጨት ከግራና ከቀኝ ተለብጦ፣ በሚስማር ተመትቶ ነው። ስትገዙ በጎን ያዙትና ብረቱ ዳር እስከ ዳር መታየቱን አረጋግጡ። ከዚያም ጫፉን ወደ ዓይናችሁ ሳይሆን ወደ መሬት አድርጋችሁ በስለቱ መስመር ተመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ ይታወቃል።

«ለእርድም ትፈልገዋለህ?» ብለው ጠየቁት። እርድ ሌላ ቢላዋ ይፈልጋል፤ ረዘም ያለ፣ ስለቱ አንዲት ጥርስ እንኳ የሌለበት። በመስክ ድንጋይና እንጨት ሲነካ የዋለ ቢላዋ እንስሳዋን ያሠቃያል፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ስለቱን እንድንስልና እንስሳዋን እንድናሳርፍ አዘዋል። ያንን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

ከዚያም አዛውንቱ «ልጄ፣ እጅህን አሳየኝ» አሉ። ጠባሳውን አዩና ምንም ሳይናገሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉ። ሁለቱ በማይታጠፉበት በኩል እጀታውን ወፍራም አድርገው ላጉለት፤ ዙህር ሰግደን ስንመለስ አልቆ ጠበቀን። የጠየቁት ዋጋ ከዚያ ከሚያብረቀርቀው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ አልተከራከርኩም።

ይህ ብረት ዝገት ያውቃል። በላብም በሎሚም ሲነካ ወዲያው መወልወል፣ ጨው በሌለው ቅባት መታበስ አለበት፤ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ አፎቱ ውስጥ አስገብቶ ወራት ማስቀመጥም አይገባም። በአውቶቡስ ስንሳፈር ልጁ በወገቡ ሊታጠቀው ፈልጎ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሻንጣው ሥር ከተትኩት። አዛውንቱ እስከ መንገዱ ሸኝተውን ነበርና በመስኮት በኩል «እጀታው ከላላ አምጣው፣ ሰኞ ሰኞ እዚሁ ነኝ» አሉት።