የትንሹ ጣቢያ ማመልከቻ

ቦሬ የደጋ አገር ናት። በክረምት ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይነሣ ቀኑ ይጋመሳል። በዚህች ከተማ መምህር ሆኜ ብዙ ዘመን ስቀመጥ የባቡር ፉጨት የሰማሁበት ዕለት የለም፤ ወደ ነገሌም ሆነ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው መኪና ብቻ ነው። ባለፈው ፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶቼ ወደ ቤቴ ጎራ ቢሉ ስለ ባቡር ጣቢያ ማመልከቻ ስጽፍ አገኙኝ። ከእነርሱም አንዱ ሽማግሌ፣ «መምህር፣ ሐዲድ በሌለበት አገር የባቡር አቤቱታ ምን ይባላል?» ብለው ሣቁብኝ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ለእርሳቸው የመለስሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እኔ የተወለድሁት በቆላው፣ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል፣ በሐዲድ ዳር ነው። በዚያ መስመር አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ የሚባሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ነበሩ፤ የእኛም ከእነዚያ ወገን ነበረች። ስሟን የማልጠራት አክስቴ በመጽሔት መነሣትን ስለማይወዱ ነው። አባቴ መዶሻና ቁልፍ ተሸክመው ሐዲዱን በእግራቸው እየተከተሉ የላላውን ብሎን የሚያጠብቁ ሠራተኛ ነበሩ። አክስቴ ደግሞ ብርቱካን ይሸጡ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ገበያው ይቆማል፤ ባቡሩ ሲነሣ ገበያው ይፈርሳል። የኢሳ ሴቶች የግመል ወተት፣ የእኛ ሴቶች የተቀቀለ ዕንቍላልና ሻይ ይዘው በየፉርጎው መስኮት ሥር ይሯሯጣሉ። በፉርጎው ውስጥ ከመንገደኛው ይልቅ የተደበቀ ጨርቅ የሚበዛበት ቀን ነበረ ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ብር የሰጠ መንገደኛ መልሱን ሳይቀበል ባቡሩ የተነሣ እንደሆነ፣ አክስቴ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰውዬው እስኪመለስ ድረስ ሳምንትም ወርም ይጠብቁት ነበር። ስሙን አያውቁም፤ የሚያውቁት መልኩን ብቻ ነው።

የዚያ መስመር ታሪክ ረጅም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስላስቸገረ በ1895 ዓ.ም. በቆላው ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በቀለች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከተማን ጣቢያ እንደሚወልዳት ከድሬዳዋ የበለጠ ምስክር የለም፤ ጣቢያው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ የእኛ መንደር ትመስክር።

አሮጌው ባቡር እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ነፍስ ጠፍቷል፤ አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ባቡር ፍጥነት ሲወራ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ኋላም ሐዲዱ አረጀ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለሰው ቀረ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። ስለ እርሱ ክፉ አልናገርም፤ የአገሩን ሸቀጥ ከወደብ ማምጣት ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከየከተማው ራቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ የሩቅ አገር ባቡር ሌላ፣ የመንደር ባቡር ሌላ ነው።

አክስቴ በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 በባቡር ድሬዳዋ ወርደው ወደ ቍልቢ ገብርኤል ይሄዱ ነበር። ለአሰቦት ሥላሴ ገዳምም ቢሆን መንገዳቸው ያው ሐዲድ ነበር። አሁን ግን ጉልበታቸው ደከመ፤ የመኪናውም ዋጋ ከብርቱካኑ ትርፍ በለጠ። ሁለት ዓመት ስለታቸውን ሳያደርሱ ቀሩ። በስልክ፣ «ልጄ፣ ፊደል የቆጠርኸው ለመቼ ነው? ጻፍልን እንጂ!» አሉኝ። እኔም ዝም ማለት አፈርሁ።

የምንለምነው ታላቅ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሦስት ፉርጎ ያለው ትንሽ ባቡር በሳምንት ሁለት ቀን በየጣቢያው እየቆመ እንዲያልፍና የተዘጋው የጣቢያችን ቤት እንዲከፈት ነው። ቀድሞ በቃል ብንጠይቅ አንድ ሹም፣ «የመንደር ባቡር አያተርፍም» ብሎን ነበር። በመዝገብ ሲታሰብ እውነቱን ነው። ነገር ግን የአክስቴ ብርቱካን፣ የወላድ ሴት ወደ ሐኪም መድረስ፣ የተማሪው ቅዳሜ ወደ እናቱ መመለስ በየትኛው መዝገብ ተጽፎ ያውቃል?

በስኮትላንድም እንዲሁ ተብሎ ነበር። በታኅሣሥ 1961 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር ገና ሊገባ ሲል፣ ከኤደንብራ ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ሲዘጋ፣ የኒውካስልተን መንደር ሰዎች በሌሊት ሐዲዱ ላይ ወጥተው የመጨረሻውን ባቡር አስቆሙት። የመንደሩ ሰባኪም አብረው ቆመው በፖሊስ ተያዙ፤ ሕዝቡ መንገዱን የለቀቀው እርሳቸው እንዲፈቱ ቃል ከተገባለት በኋላ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከዚያም በኋላ ብዙ ደከሙ፤ ከ46 ዓመት በኋላ፣ በጳጉሜን 2007 ዓ.ም.፣ ከኤደንብራ እስከ ቱዊድባንክ ድረስ ተከፈተላቸው። ባቡሩ ግን እስከ ሰባኪው መንደር አልደረሰም።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ቀጥዬም በ1950ዎቹ ዓመታት ከናዝሬት እስከ ዲላ ለቡና ጭነት ሐዲድ ለመዘርጋት ታቅዶ ሳይፈጸም መቅረቱን ብነግራቸው፣ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዲላ ከእኛ ተራራ ማዶ ናት።

«እስከ ዲላ?» አሉኝ።

«አዎን፣ አባባ።»

«ገብሳችንን ዲላ አውርደን በባቡር እንሰደው ነበር በለኛ!» ብለው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው፣ ለቆላው ሰዎች ከተተወው ቦታ ከሁሉ በላይ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ልከለክላቸው አልቻልሁም።

ወረቀቱ ወደ ቆላ ወረደ፤ አክስቴም አስነብበው አሻራቸውን አኖሩበት። ከዚያ ወዲህ ለሚመለከተው ሁሉ ደርሷል፤ መልሱን እስከ ዛሬ እንጠብቃለን። አክስቴ በደወሉልኝ ጊዜ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ መልሱ አልነበረም።

«ያ ከላይ የፈረመው ሰው የየትኛው ጣቢያ ሰው ነው?» አሉኝ።

«የዲላው ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።