ከዝርዝሩ እስከ እስክሪብቶው



የወሩ የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ እኛ ሜልበርን የምንኖር ሰዎች መጀመሪያ ትዝ የሚለን የቤት ኪራይ ነው። በዚያው ቀን ግን ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላ ነገር ይሆናል፤ የአውስትራሊያ መንግሥት የሚደጉማቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ይታደሳል። አዲስ መድኃኒት ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ "ለእንዲህ ዓይነት በሽተኛ ብቻ" የሚለው ገደብ ይላላለታል ወይም ይጠብቅበታል። ይህ የድጎማ ሥርዓት ፒቢኤስ ይባላል። ፉትስክሬይ ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ ፒቢኤስ የሚያወራ ሐበሻ አይተን አናውቅም። መድኃኒት ተወደደ ብሎ የማያማርር ግን የለም! እስቲ ዛሬ ስለዚሁ እንጨዋወት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንድ መድኃኒት እንዲሸጥ መፈቀዱና መደጎሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው ቲጂኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ደህንነቱን፣ ጥራቱንና መሥራቱን ያያል። ከዚያ በኋላ ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥያቄውም፣ ይህ አዲስ መድኃኒት አሁን በእጃችን ካለው በምን ይበልጣል፣ ለሚበልጥበትስ የተጠየቀው ገንዘብ ይገባዋል ወይ፣ የሚል ነው። ኮሚቴው ካልደገፈው ሚኒስትሩም ቢሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ ሊያስገቡት አይችሉም።

ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመድኃኒቱ ዋጋ በሺዎች ቢቆጠርም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ሜዲኬር ያለው ሰው ለአንድ ማዘዣ የሚከፍለው በመደበኛው ቢበዛ 25 ዶላር ነው። የጡረታ ወይም የቅናሽ ካርድ ያለው 7 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይከፍላል። ካልገባ ደግሞ ሙሉው ዋጋ ከኪስ ነው። እንግዲህ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር መጨመር ወይም መሠረዝ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ጋዜጠኝነት ስንማር ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚሰጠን ርዕስ የታወቀ ነበር፤ "መድኃኒቱ ከነገ ጀምሮ ረከሰ" የሚል። ሚኒስትሩ ሆስፒታል ውስጥ ቆመው ይናገራሉ፣ ካሜራው ያነሳል፣ ዜናው ያልቃል። እኛ እንደምናየው ግን ዜናው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ዝርዝሩ ብቻውን ማንንም አያድንም። በዝርዝሩና በበሽተኛው መካከል የሐኪሙ እስክሪብቶ አለ።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የመድኃኒት ድጎማ ሕግ በ1944 ወጣ፤ በ1945 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው፤ በ1946 በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። በ1948 በመጨረሻ 139 መድኃኒቶች በነፃ እንዲሰጡ ተወሰነ። ሐኪሞቹ ግን በማኅበራቸው በኩል፣ ይህ ነገር ነፃነታችንን ይነካል ብለው ስለተቃወሙ አብዛኞቹ መንግሥት ባሳተመው ቅጽ ላይ ለመጻፍ እምቢ አሉ። ዝርዝሩ አለ፣ ገንዘቡም አለ፤ የሚጽፍ ግን የለም! ሕዝቡ በሕግ የተሰጠውን በእጁ ሳያገኝ ቆየ።

ዛሬ ሐኪሞቹ እምቢ አላሉም። ዛሬ ያለው ችግር ዝም ያለ ነው።

የኛን ቤት ምሳሌ እናንሳ። እናታችን ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ የጡረታ ካርድም አላት። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በሦስት ዙር፣ ወደ 300 የሚጠጉ የተለመዱ መድኃኒቶች በአንድ ክፍያ የ60 ቀን እንዲሰጡ ተፈቅዷል፤ ሕመሙ የተረጋጋ በሽተኛ በዓመት 12 ጊዜ ይከፍል የነበረውን 6 ጊዜ ብቻ ይከፍላል። ለእናታችን ይህ በአንድ መድኃኒት ብቻ በዓመት 46 ዶላር ከ20 ሳንቲም ማለት ነው። ገንዘቡ ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሦስትና አራት መድኃኒት ለሚወስድ ጡረተኛ ግን የጤፍ ዱቄት ነው፣ የመብራት ነው።

የእሷም መድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። ግን ከዓመት በላይ በየወሩ መድኃኒት ቤት ትመላለስ ነበር። ለምን? የክሊኒኩ ኮምፒውተር የድሮውን የ30 ቀን ማዘዣ እየደጋገመ ያትመዋላ! ፋርማሲስቱ ደግሞ በራሱ ሥልጣን 30ውን 60 ማድረግ አይችልም፤ ሐኪሙ አዲስ መጻፍ አለበት።

"እማዬ፣ ለሁለት ወር ይጻፍልኝ በይው እንጂ" አልናት።

"ውይ ልጆቼ! እኔ ነኝ ለሐኪም የማስተምር? የሚበጀኝን እሱ ያውቃል" አለች።

በመጨረሻ አብረናት ሄደን ጠየቅን። ዶክተሩ ስክሪኑን አየ፣ ግፊቷን ለካ፣ ጻፈ። ደቂቃዎች አልፈጀም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውጭ የሚጠብቀው ሰልፍ ነው የሚያሯሩጠው። በየወሩ የሚታደስ ዝርዝርን በበሽተኛና በበሽተኛ መካከል ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል?

ይህ በ46 ዶላር ሲሆን ያናድዳል፤ በጉበት ሲሆን ግን ያስፈራል። ማርች 1 ቀን 2016 ሄፓታይተስ ሲን የሚያድኑት አዳዲስ እንክብሎች ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ስፔሻሊስት ብቻ ሳይሆን የሠፈር ጠቅላላ ሐኪምም እንዲያዝዛቸው ተፈቀደ። ትልቅ ነገር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ30,000 በላይ ሰው ሕክምናውን ጀመረ። ከዚያ ቁጥሩ በየዓመቱ እየወረደ ሄደ። ቀድመው የመጡት በስፔሻሊስት እጅ ሆነው መድኃኒቱን ሲጠብቁ የነበሩት ነበሩ። የቀሩት በሽታው እንዳለባቸው የማያውቁ፣ ወይም የሚያውቁና ክሊኒክ የማይረግጡ ናቸው። መድኃኒቱ አልተወደደባቸውም፣ አልጠፋባቸውምም፤ "ና፣ እንመርምርህ፤ መዳኛው ተገኝቷል" የሚላቸው ሐኪም ነው ያጡት።

ለሐኪሞች ይህን የሚነግር ድርጅት ነበር። ኤንፒኤስ ሜዲሲንዋይዝ ይባላል፤ በ1998 ተቋቁሞ ስለ አዳዲስ መድኃኒቶችና ስለ ዝርዝሩ ለውጥ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ እጅ የሌለበት መረጃ ያዘጋጅላቸው ነበር። መንግሥት ገንዘቡን አቋረጠና በ2022 መጨረሻ ሥራው አበቃ። ከሥራው የተወሰነው ወደ መንግሥት አካላት ዞረ፤ "አውስትራሊያን ፕሪስክራይበር" የተሰኘው መጽሔትም በሌላ አሳታሚ እጅ ቀጥሏል። መረጃው ጨርሶ ጠፋ አንልም። ግን ነፃ የሆነው ድምፅ በሳሳ ቁጥር የሚጎላው ብሮሹር ይዞ ክሊኒክ የሚዞረው የኩባንያ ወኪል ድምፅ ነው። እሱ ደግሞ ስለ አዲሱና ውዱ መድኃኒት እንጂ ስለ እናታችን 46 ዶላር ምን አገባው?

ስለዚህ ለባለሥልጣናቱ የምንለው አጭር ነው። መድኃኒት ለመደጎም ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት፣ ለውጡን ለሚጽፈው ሐኪም በግልጽ ለመንገርም ያውጣ።

ለኛ ሰዎች ደግሞ፦ ሐኪም መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ነውርም አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ መድኃኒት በድጎማው ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ? ለስልሳ ቀን ሊጻፍልኝ ይችላል ወይ? በርካሽ የሚሸጥ ያው መድኃኒት አለ ወይ? እንግሊዝኛው አልሄድ ካለ ክሊኒኩ በ131 450 ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ያገኛል፤ ሜዲኬር ላለው በሽተኛ የግል ሐኪሙም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ልጆቻችሁ ከሥራ እስኪወጡ አትጠብቁ።

እናታችንም ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቷን እትዬን፣ "ስልሳ ቀን በይው፤ አትፈሪ" ስትላቸው ሰማናት። እትዬም ማዘዣቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ስንት እንደሚል እንድናነብላቸው ሰጡን። 30 ይላል።

ቸር ያሰንብተን!