የሚጉ ፎቶ መግለጫ

ሐርጌሳ መሃል፣ ሰውና መኪና በሚተራመስበት አደባባይ፣ አንድ ሚግ 17 የጦር አውሮፕላን ከፍ ባለ መሠረት ላይ ቆሟል። ፎቶውን አንስቼ ዕለት ተዕለት የማየውን ነገር በማጠራቅምበት የግል ዊኪዬ ውስጥ አስገባሁት። «ሚግ» የሚለውን ቃል ሲነኩት ምስሉ በትንሽ ሳጥን ብቅ ይላል። ከሥሩ ምንም አልጻፍኩም። ፎቶ ራሱ ካልተናገረ ምን ፎቶ ነው የምል ሰው ነበርኩ፤ መግለጫ ለደካማ ምስል የሚሰጥ ምርኩዝ ይመስለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ የመጣ ጓደኛዬ ስልኬን ሲያገላብጥ ሳጥኑን ከፈተና «የአየር ኃይላቸው መታሰቢያ ነው?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ለእኛ ዓይን ከፍ ተደርጎ የቆመ የጦር አውሮፕላን የኩራት ምልክት ነው። የሐርጌሳው ተቃራኒ ነው። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ከተማዋን ሲያጠቁ፣ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። አውሮፕላኖቹ ይነሡ የነበረው ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ ነው፤ ተነሥተው እዚያው የሚያዩትን ሰፈር ይመታሉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ ገባ፤ ጅጅጋ ወዲያ ያለው ሐርተሼክ ግዙፍ የስደተኛ ሰፈር ሆነ። ይህ ሁሉ ታሪክ ዊኪዬ ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። ጓደኛዬ ምስሉን የከፈተው ግን ስለ ገበያ ከጻፍኩት ሌላ ገጽ ነበር። መግለጫ እንደሚያስፈልገው ያኔ ገባኝ።

የምጠቀመው ቲድሊዊኪ ነው፤ ጄረሚ ራስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው። ሙሉው ዊኪ በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስለሚያዝ ፍላሽ ላይ ጭኜው እዞራለሁ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይከፈታል። ጽሑፉም ምስሉም «ቲድለር» የሚባል የየራሱ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ርእስ፣ ቀን፣ ካፕሽን እየተባለ የሚሞላ ቦታ አለ። መግለጫውን በየሳጥኑ በእጅ ብጽፈው አንዱን ሳርም ሌላው ሳይታረም ይቀራል። ስለዚህ በምስሉ ካርድ ላይ አንዴ ጻፍኩትና ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ከዚያ እንዲያመጣው አደረግሁ። አሁን ፎቶው ከየትኛውም ገጽ ቢጠራ ቃሉን ይዞ ይወጣል።

ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹንም ምስሎች በሌላ ዓይን እያየሁ ነው። ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በላስ ጌል ዋሻ የተሣሉት ከብቶች በትንሽ ሳጥን ሲታዩ መጠናቸው አይታወቅም፤ ስለዚህ መግለጫው ስለ ውበታቸው ትቶ ስለ ልካቸው መናገር አለበት። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2002 መዝግበው ለዓለም እንዳስተዋወቋቸው ደግሞ ለገጹ ይበቃል። ምክንያቱም ስልክ ላይ ከሁለት መስመር ያለፈ መግለጫ ምስሉን ወደ ላይ ገፍቶ ያስወጣዋል።

ያስቸገረኝ የሚጉ መግለጫ ሁለተኛ መስመር ነው። በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት የንቅናቄው ተዋጊዎች መሸሸጊያቸውን የሚያጡ ሆኑ፤ ወደ ሐርጌሳ የገሰገሱትም ያኔ ነው። ኢትዮጵያዊ ነኝና ይህን ገጹ ውስጥ ብቻ ልተወው አሰብኩ፤ ቦታ የለም የሚል ሰበብም ነበረኝ። በመጨረሻ ስለ አውሮፕላኑ ሞዴል የሚናገረውን ሰርዤ ስምምነቱን አስገባሁ። ሞዴሉን የፈለገ ገጹን ይክፈት።