ሻወሩ ሙቅ፣ ግድግዳውም ሙቅ!

የዘንድሮ ትዳር ያለ ሻወር አይጸናም መሰለኝ! ድሮ ለሙሽሮች ብርድ ልብስና ቴርሞስ ነበር የሚወሰደው። አሁን ሚዜዎች ተዋጥተው የሚገዙት ያቺን ቧንቧ ጫፍ ላይ የምትገጠመውን ነጯን የኤሌክትሪክ ሻወር ሆኗል። ደግ አደረጉ፣ ንጽህናን የሚጠላ የለም። ግን እናንተዬ፣ ሻወሯን ስትገዙ ዋጋዋን ከመከራከር አልፋችሁ ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ‹‹ለዚህች የሚሆን ሽቦ ቤቴ ውስጥ አለ ወይ?›› ብሎ የጠየቀስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ክረምት አንድ ጓደኛዬና ባለቤቱ (ስማቸው ይቆየን) ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገቡ። ልጃቸው ገና የ4 ወር ጨቅላ ናት። የክረምቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ለሕፃን ገላ ጠዋት ማታ ውሃ በድስት ሲጣድ መዋል ሰለቻቸውና 5500 ዋት ሻወር ገዙ። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። መጣ፣ ከሻወር ቤቱ አጠገብ ካለው ሶኬት መስመር ሳበ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣጣው መጣ። ሚስትየዋ ፀጉሯን ሳሙና ተቀብታ ሳለ ብሬከሩ ጧ! ይላል። ባል ሮጦ ያነሳዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጧ! ኤሌክትሪሺያኑ ተመልሶ ተጠራ። ‹‹ብሬከሩ ደካማ ነው፣ ትልቅ እናድርግለት›› አለና ባለ 16ቱን አውጥቶ ባለ 40 ገጠመላቸው። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም። ቤቱ ሁሉ ‹‹ተባረክ!›› ብሎ ሸኘው።

አንድ እሁድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሚስትየዋ ቡና እያፈላች፣ ‹‹ይሄ ግድግዳ ግን ምን ነክቶት ነው? ሻወር ስንወስድ ይሞቃል እኮ›› አለችኝ እንደ ቀልድ። ሄጄ እጄን አስደገፍኩበት። እውነቷን ነው። ሶኬቱ ዳር ዳሩን ቡኒ ሆኗል፤ ጠጋ ሲሉት የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ የልጅቷ አልጋ ልክ እዚያው ላይ ተጠግቶ ቆሟል። ለሙቀቱ ብለው አስጠግተውት እንዳይሆን ብዬ መጠየቁን ፈራሁ። ባልየው ‹‹ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ሁሉ ነገር ዜና ይመስልሃል!›› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ብሬከሩን አውርጄ ነው ቡናውን የጠጣሁት።

ብሬከር የሚጠብቀው ሻወሩን አይደለም፣ ሽቦውን ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ‹‹በቃ!›› ብሎ ይቆርጣል። ስለዚህ ሲወርድ ትልቅ መቀየር ማለት፣ ‹‹ሌባ! ሌባ!›› እያለ የሚጮኸውን ዘበኛ አባሮ እንቅልፋሙን መቅጠር ነው። ጩኸቱ ይቆማል፤ ሌባው ግን እዚያው ነው።

እስቲ ትንሽ ሂሳብ። አትሽሹ! የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ እኔንም ብዙ አልወደደኝም፣ ይቺ ግን ቀላል ናት። ዋቱን ለቮልቱ አካፍሉት። የኛ አገር የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። 5500 ለ220 ሲካፈል 25 አምፔር። አለቀ። የእንጀራ ምጣዳችሁ 3500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ነው የሚስበው። ያቺ የፈረደባት ምጣድ! ቆጣሪውን ጨረሰች እየተባለች ስትታማ የኖረችው ከሻወሯ ታንሳለች ማለት ነው። 7500 ዋት የሚል የተጻፈባት ሻወር ደግሞ 34 አምፔር ትስባለች።

የቤታችን ሶኬቶች መስመር ብዙውን ጊዜ በባለ 2.5 ሽቦ ነው የሚዘረጋው፣ የአምፖሉ በባለ 1.5። ቁጥሩ የመዳቡ የአግድም ቁራጭ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር ካሬ። ባለ 2.5 መዳብ ግድግዳ ውስጥ በፓይፕ ሲሄድ በደህና የሚሸከመው 20 አምፔር አካባቢ ነው። 25 ስትጭኑበት ወዲያው አይቃጠልም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ እየሞቀ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ከቆጣሪው እስከ ሻወሩ 20 ሜትር ቢሆን፣ በባለ 2.5 ሽቦ 25 አምፔር ሲያልፍ 185 ዋት ገደማ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሦስት የ60 ሻማ አምፖሎች ግድግዳ ውስጥ እንደ ማብራት ቁጠሩት! በባለ 6 ቢሆን 77 ዋት ገደማ ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆንም አትርሱ።

ታዲያ ምን እንግዛ? ለ5500 ዋት ‹‹ባለ 4 ይበቃል›› የሚሉ አሉ፤ መንገዱ አጭር ከሆነና ፓይፑ በሌላ ሽቦ ካልተጨናነቀ ልክ ናቸው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ባለ 6 ከባለ 32 ብሬከር ጋር በሉ፣ እንቅልፍ ተኙ። ለ7500 ዋት ባለ 6 የመጨረሻው ትንሹ ነው፤ ራቅ ካለ ወይም ፓይፑ ከተጣበበ ባለ 10። መስመሩ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ለብቻው ይሂድ፤ ሶኬትና ሶኬት መሰኪያ መሀል አይግባበት።

መርካቶ ወርዳችሁ ስትገዙ ዓይናችሁን አትመኑ። የባለ 2.5 ነጠላ ሽቦ ውፍረት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የባለ 6ቱ 2.8 ነው። ለአንዲት ሚሊ ሜትር የላስቲኩ ውፍረት ሊያታልላችሁ ይችላል። ላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ፤ ጫፉንም በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ቀይ ሆኖ ቀጥሎ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ጥላችሁት ውጡ።

ደግሞ ብሬከር ሰውን ከመብራት አያድንም። እርጥብ ገላችሁን የሚያድነው ባለሙያዎቹ ኧርዝ የሚሉት አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦ ነው፤ እሱም በትክክል መሬት ድረስ ከሄደ። ከሱ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው፣ ‹‹ቴስት›› የሚል ቁልፍ ያለው መሣሪያ ይጨመር። ኤሌክትሪሺያኑ ‹‹ኧርዝ አያስፈልግም፣ ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚያስገጥመው›› ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የጓደኛዬ ቤት ሽቦ በማግስቱ ሲወጣ ግማሹ አልወጣም። ላስቲኩ ቀልጦ ከፓይፑ ጋር ተጣብቋል። ባለ 6ቱ በግድግዳው ላይ በነጭ ቦይ ተዘረጋ። አላማረም፤ ሚስትየዋ እስከ ዛሬ ቦይዋን ባየች ቁጥር ፊቷ ይቀየራል። የልጅቷ አልጋ ግን ቦታ ተቀይሯል።

ተከራይ የሆናችሁ ‹‹በሰው ቤት ላይ ለምን ሽቦ እዘረጋለሁ?›› ትሉ ይሆናል። አከራያችሁን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ። ሽቦው ሲለቁ ነቅለው የሚሄዱት ዕቃ አይደለም፣ ለቤቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ግማሹን ቻሉኝ ወይም ከኪራዩ ይቀነስልኝ ማለት ነውር የለውም። እምቢ ካሉ ሻወሯን ሽጧትና 1500 ዋት ባለ ገንዳ ማሞቂያ፣ ቦይለር የሚባለውን ግዙ። የሚስበው 7 አምፔር ገደማ ነው፤ ደህና የሆነ ባለ 2.5 መስመርና ኧርዝ ካለ አያስቸግረውም። ከመታጠባችሁ በፊት ቀደም ብላችሁ ማብራት ይኖርባችኋል፣ ሁለተኛው ታጣቢም ውሃው እንደገና እስኪሞቅ መጠበቁ አይቀርም። ማን ቀድሞ ይገባል የሚለውን እዚያው በቤታችሁ ተስማሙ።