ትራሱን ከጉልበቷ ሥር አውጡት

እማዬ የግራ ጉልበቷን ካስቀየረች በዚህ ሳምንት አንድ ዓመት ሞላት። በዚህ ዓመት ውስጥ “እናቴንም ይቀየር ብለዋታል፣ እንዴት አደረጋችሁ?” ብሎ ያልደወለልኝ ዘመድ የለም። ለእያንዳንዱ ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

እንጀራ ጋግራ ያሳደገችን እናት ናት። ኪዳን ሳታደርስ የማትውል ሴት ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ወርዳ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው እያልን ቅባቱንም ጸበሉንም ሞከርን። ራጁ ሲታይ ግን በጭኗና በቅልጥሟ አጥንት መካከል ክፍተት የሚባል ነገር አልቀረም። ልም አጥንቱ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሐኪሙ የሚገባላትን ሞዴል እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ የጭኑን ጫፍ የሚያለብስ ብረት፣ ቅልጥሙ ላይ የሚቀመጥ የታይታኒየም ገበታ፣ መሃላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ጠየቀችው። ከ10 ሰው 9ኙን 15 ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚቆያቸው ሲነግራት “እሱ ካለ ይበቃኛል” አለች።

ቀጠሮ ግን ወዲያው አልሰጣትም። ስኳሯ ይስተካከል፣ የተበላው ጥርሷ ይታከም አለ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ጥርስና ጉልበትን ምን አገናኛቸው? ለካ ጀርም በደም ተጉዞ አዲሱ ብረት ላይ ከሰፈረ ማስለቀቁ ከመከራ ሁሉ የከፋ ነው። ሁለት ወር ጠበቅን። በሁለቱ ወር 5 ኪሎ ቀነሰች። አንድ ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ የሚሸከመው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀላል። የጭኗን ጡንቻ ለማጠንከርም አልጋ ላይ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ወደ ፍራሹ እየተጫነች እስከ አምስት ትቆጥር ነበር። ቤቱንም አዘጋጀን፤ ምንጣፉ ተነሳ፣ በርጩማው ወጣ፣ ክንድ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ገባ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ በዎከር አቆሟት፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ላኩን። የመድኃኒት ወረቀት ተሰጠን፤ የእንቅስቃሴውን ነገር ግን ኮሪደር ላይ በአንድ ትንፋሽ ነግረውን ነው የሄዱት። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ምክንያቱም ቤት ስንገባ የምናውቀውን አደረግን። እንደ አራስ ያዝናት። አጥሚት፣ ገንፎ፣ የበግ ሾርባ። ጠያቂው ሁሉ “አይዞሽ፣ እንዳትነሺ፣ ጋደም በይ” እያለ ይገባል። እኔ ደግሞ “እንዲህ ሲሆን ያሳርፈኛል” ስላለችኝ ወፍራም ትራስ ከጉልበቷ ሥር አድርጌላት፣ ሌሊት እየተነሳሁ እንዳይንሸራተት አስተካክል ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

በአሥረኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስት አስመጣን። ልጅ እግር ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ትራሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። “እናቴ፣ ይሄ ትራስ ጠላትዎ ነው” ብሎ ጎትቶ አወጣው። ፎጣ ጠቅልሎ ከተረከዟ ሥር አደረገ። ጉልበቷ ከታች ምንም ሳይደግፈው አየር ላይ ቀረ፤ እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ጉልበት ታጥፎ የሰነበተ እንደሆነ ውስጡ የሚሠራው ጠባሳ እንደታጠፈ እንደሚይዘው፣ ከዚያ በኋላ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ እንደሚሄድ ያስረዳን የዚያን ቀን ነው። በፍቅር ያደረግሁት ነገር እግሯን ሊያበላሸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሳምንት ከቀዶ ጥገናው ይከብዳል። የሕመም ማስታገሻውን ከእንቅስቃሴው 40 ደቂቃ በፊት እሰጣታለሁ። ወንበር ላይ ትቀመጥና ከእግሯ ሥር ፌስታል አነጥፋለሁ፤ በሴራሚኩ ላይ ተረከዟን ወደ ኋላ ትስባለች። የደረሰችበትን በፕላስተር ምልክት አደርጋለሁ። ነገ ከዚያ አንድ ጣት ማለፍ አለባት። “አንቺ የኔ ልጅ አይደለሽም እንዴ?” እያለች ታለቅሳለች። ማድ ቤት ገብቼ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ፌስታሉን አስተካክላለሁ። በሁለት ሳምንት ይደረስበታል የሚባለው 90 ዲግሪ ለኛ አምስት ሳምንት ፈጀብን። የነዚያ ዘጠኝ ቀናት ዕዳ ነው።

አንድ ቀን አክስቴ ቅቤ ይዛ ባቷን ልታሽላት መጣች። ባቷ አብጦ ይሞቅ ነበር። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ የረጋ ደም ካለ ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ይዘናት ሮጥን፣ በአልትራሳውንድ ታየች፣ እግዚአብሔር ይመስገን የረጋ ደም አልነበረም።

ለደረጃው፦ ስትወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስትወርድ የተቀየረው። ምርኩዙ የሚያዘው ከተቀየረው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ሁሉም ሰው እየተሳሳተ በዚያው በኩል ይይዘዋል። የጉልበቱ እብጠትና ሙቀት ለወራት አይለቅም፣ ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳም ይደነዝዛል። አትደንግጡ።

እማዬን በጣም ያስጨነቃት ስግደቱ ነበር። መንበርከክ እስካሁን ይከብዳታል። የንስሐ አባቷ “ለታመመ ሰው ቁሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል” አሏት። የስቅለት ዕለት መቋሚያዋን ተደግፋ ዋለች። ማታ ጉልበቷ አብጦ፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ሳስቀምጥላት፣ እንዲያ ደክሟት ሳለ “ፌስታሉን አምጪልኝ፣ የዛሬው አልተሠራም” አለችኝ።

የቀኙ ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። ወፍራሙን ትራስ ከወዲሁ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሷም ሳይነገራት ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው በኩል ቀኝ ጉልበቷን ፍራሹ ላይ እየተጫነች ስትቆጥር እሰማታለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።